ምዕራፍ 4፦ «ቴሌግራም አለሽ?»

ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስልክ ሲለዋወጡ ቁጥሩ ተነግሮ ሳያልቅ አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ «ቴሌግራም አለሽ?» ከዓመታት በፊት ጥያቄው «ፌስቡክ ላይ ማን ብዬ ልፈልግህ?» ነበር። ከዚያም በፊት ቁጥሩ ብቻውን ይበቃ ነበር። ጅዳ እህት ያለችው ቤተሰብ ደግሞ ምርጫም አይሰጠውም፤ «ኢሞ ጫኑና ደውሉልኝ» ይባላል፣ ይጫናል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል «የትኛው ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ የለም። የጠየቁት «የት አገኝሃለሁ?» ብለው ነው፤ ልክም ናቸው። ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ከመላው ሰፈር እርስዎ ብቻ ቢይዙት እንኳ ጥሩ ነው። የመልእክት መተግበሪያ ግን ብቻዎን ከያዙት ምንም አይሠራልዎትም። የቱንም ያህል ምስጢር ጠባቂ ቢሆን እናትዎ የሌሉበት መተግበሪያ ለእናትዎ መልእክት አያደርስም።

የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚህ ይነሳል። መተግበሪያ የሚመረጠው በያዘው ነገር ብዛት ሳይሆን በወዲያኛው ጫፍ ባለው ሰው ነው፤ በተለይም ለማግኘት ከሁሉም በሚያስቸግረው ሰው። ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ መልእክቱ ቢጠፋ ወይም ሌላ ሰው ቢያነበው ምን ይመጣል የሚለው ነው። የቀረው ሁሉ፣ ስቲከሩም ቀለሙም፣ ከዚህ በኋላ የሚታይ ነው።

አንድ ስልክ፣ አምስት ዓይነት ሰው

ለምሳሌ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት ወጣት እናስብ። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማ ወረዳዎችና ከአጎራባች አካባቢዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ ወደ ከተማዋ መጥተዋል። ከጓደኞቿ ጋር ተዳብላ የቤት ኪራይ የምትከፍለው የዚህች ልጅ ስልክ ርካሽ ታች ስልክ ነው፤ ሚሞሪው ቶሎ ይሞላል፣ ዳታ የምትገዛውም በቀን ወይም በሳምንት ጥቅል ነው።

የምትጻጻፋቸው ሰዎች አምስት ዓይነት ናቸው። ገጠር ያሉት እናቷ የያዙት ባለ ቁልፍ ኖርማል ስልክ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ የፈረቃ ለውጥ የሚነጋገሩት ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሟ ሃንድአውት የሚቀበለው ከክፍሉ ቻናል ነው። ዓረብ አገር ያለችው አክስቷ በኢሞ ትደውላለች። ባንኩ ደሞዟ መግባቱን የሚነግራት ግን በተራ የስልክ መልእክት ነው።

አምስቱንም በአንድ መተግበሪያ መሰብሰብ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው «አንዱን ምረጡ» ሳይሆን «የቱ መልእክት በየት ይሂድ?» ይሆናል። ለመመለስ እያንዳንዱ መንገድ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል።

ሳይጫን የሚገኘው

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ኒል ፓፕዎርዝ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከኮምፒውተር ወደ አንድ የቮዳፎን ባልደረባ ስልክ «መልካም ገና» የሚል አጭር ጽሑፍ ላከ። የመጀመሪያው ኤስኤምኤስ ይኸው ነው። መንገዱ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። ስልካችን ባንደውልበትም ከኔትወርክ ማማው ጋር «እዚህ ነኝ» እየተባባለ ይቆያል፤ ኤስኤምኤስ የሚጓዘው ለዚህ ምልክት በተሠራው ቀጭን መስመር ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። የተቀባዩ ስልክ ቢዘጋ መልእክቱ በኦፕሬተሩ ማዕከል ለጊዜው ተቀምጦ ስልኩ ሲከፈት ይደርሳል። ለመቀበል ካርድ መሙላትም አያስፈልግም።

መስመሩ ቀጭን በመሆኑ መልእክቱ በ140 ባይት፣ ማለትም በ1,120 ቢት ተወስኗል። ከረጢቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚገባው እህል ግን ይለያያል። መሠረታዊው የላቲን ፊደል እያንዳንዱ 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ይገባል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ እያንዳንዱ 16 ቢት ስለሚፈልግ 70 ብቻ ነው የሚይዘው። 71ኛው ፊደል ሲጻፍ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቁርጥራጮቹን መልሶ ለማገጣጠም የሚያስፈልገው ምልክትም ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ብቻ ይሸከማል። በላቲን በተጻፈ ረጅም መልእክት መካከል አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ ሙሉው መልእክት በ70ው ሂሳብ ይቆጠራል።

ይህ ሂሳብ ሐዋሳ ላይ የተለየ መልክ አለው። ከተማዋ በየዕለቱ በብዙ ቋንቋ ትናገራለች። ሲዳምኛም ወላይትኛም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ልጅ ለእናቷ በሲዳምኛ ስትጽፍ 160 ቦታ አላት፤ ለቤት አከራይዋ በአማርኛ ስትጽፍ 70። እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በሲዳምኛ አጻጻፍ የምትገባዋን ትንሽ ጭረት ኪቦርዱ በራሱ ፈቃድ ከቀጥታ ወደ ጠምዛዛ ከቀየራት፣ ጠምዛዛዋ በመሠረታዊው ሰንጠረዥ ውስጥ ስለሌለች መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ሂሳቡ ድንገት እጥፍ ሲሆን ጥፋተኛዋ አንዳንዴ እሷ ናት።

በሌላ በኩል ፊደላችን ቆጣቢ ነው። «ሰላም» በግዕዝ ሦስት ቦታ፣ በላቲን አምስት ይወስዳል። ስለዚህ ክፍተቱ 160 ለ70 ቢመስልም በሐሳብ ሲለካ ይጠባል። ብዙዎች አማርኛን በላቲን መጻፍ የለመዱት ለሂሳብ ብለው ብቻ አይደለም፤ የድሮዎቹ ስልኮች የግዕዝ ፊደል አያነቡም ነበር፣ በምትኩም ባዶ ሳጥን ያሳዩ ነበር። ዛሬም ለኖርማል ስልክ ከመጻፍ በፊት ስልኩ አማርኛ ያነብ እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ኤስኤምኤስ በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው። የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. ጀመረ። በምርጫ 97 ወቅት አጭር መልእክት ተቃዋሚዎች ደጋፊዎቻቸውን ካስተባበሩባቸው መንገዶች አንዱ ነበር፤ ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ሁለት ዓመት ያህል አገሩ በሙሉ ስልክ ይዞ መልእክት አይላላክም ነበር ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ከኤስኤምኤስ ውጭ ብዙ ነገር አይንቀሳቀስም። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የክፍያ ማረጋገጫው፣ የማለፊያ ኮዱ፣ የባንኩ ማስታወቂያ ሁሉ በዚሁ መንገድ ይመጣል።

ድካሙም ግልጽ ነው። ጽሑፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠርም፤ ኦፕሬተሩ ማንበብ ይችላል። የላኪው ስምም ሊመሳሰል ይችላል። «ገንዘብ በስህተት ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው መልእክቱ ሳይሆን የራስ ሂሳብ ነው።

ቴሌግራም ለምን አሸነፈ?

ቴሌግራምን ፓቬልና ኒኮላይ ዱሮቭ የተባሉ ወንድማማቾች በ2013 እ.ኤ.አ. ለቀቁት። ኢትዮጵያ ውስጥ የገነነበትን ምክንያት ለማወቅ የእኛን ስልኮች ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያው ሚሞሪ ነው። በቴሌግራም ተራ ውይይት የተላከው ሁሉ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ስልኩ ሲሞላ የተከማቸውን ማጽዳት፣ ሲያስፈልግም ፋይሉን እንደገና ማውረድ ይቻላል። ስልክ ቢሰበርም ቁጥሩ ካለ ውይይቱ በአዲሱ ስልክ ላይ እንዳለ ይመለሳል። ዋትሳፕ ግን ፎቶና ቪዲዮውን ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ባለ 16 ወይም ባለ 32 ጊጋባይት ስልክ የያዘ ሰው ልዩነቱን በወር ውስጥ ያየዋል።

ሁለተኛው ፋይል ነው። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ስለሚያሳልፍ የሐዋሳ ተማሪ መጽሐፍ፣ የድሮ ፈተና፣ የመምህሩን ስላይድ የሚቀበለው በዚሁ ነው። ሦስተኛው ብዛት ነው። የዋትሳፕ ግሩፕ በ1,024 ሰው ሲወሰን የቴሌግራሙ እስከ 200,000 ይይዛል፤ ቻናል ደግሞ ገደብ የለውም። ቲክቫህ ኢትዮጵያን የመሰለ ከሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው የዜና ቻናል ሊበቅል የቻለው በዚህ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከድረ ገጽና ከኤስኤምኤስ ጎን ለጎን በቴሌግራም ቦት መታየት ሲጀምር ደግሞ መተግበሪያው ከወጣቱ አልፎ ወደ ወላጁ ስልክ ገባ። ፒያሳ አካባቢ ጫማና ልብስ የሚሸጠው ነጋዴም ዕቃውን ፎቶ አንስቶ ቻናሉ ላይ ይለጥፋል፤ ሱቅ ባይኖረውም ደንበኛ አለው።

የመጨረሻው ድምፅ ነው። ጽሑፍ ለማይሆንለት ሰው፣ ወይም በሚናገረው ቋንቋ መጻፍ ላልተማረ፣ የድምፅ መልእክት ትልቅ ነገር ነው። ይህን ዋትሳፕም ኢሞም ያደርጉታል፤ የሚያስፈልገው ግን ታች ስልክ ነውና ኖርማል ስልክ ለያዙት እናት አይደርስም።

ወደ ድካሙ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው «ቴሌግራም ምስጢር ነው» ብሎ ያምናል። ተራው ውይይት ከስልክዎ እስከ ሰርቨሩ ይመሰጠራል፤ መፍቻ ቁልፉ ግን በኩባንያውም እጅ ነው። ኩባንያው እንኳ ሊያነበው የማይችለው በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚከፈተው «ምስጢራዊ ውይይት» ነው፤ እሱም ተፈልጎ ካልተከፈተ በራሱ አይመጣም። ግሩፕ ውስጥ ጨርሶ የለም። ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የሕግ ተላላፊዎችን የስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ በመመሪያው ላይ አስፍሯል። ጥፋት ለሌለበት ሰው ይህ የሚያስፈራ ላይሆን ይችላል፤ ቁልፉ የት እንዳለ ለማወቅ ግን ይጠቅማል።

ሌላው የማይታወቅ ሰው ነው። ትልቅ ግሩፕ ውስጥ የገባች ልጅ በማግስቱ ከማታውቃቸው ሰዎች መልእክት ይጎርፍላታል። መፍትሔው በቅንብር ውስጥ አለ። የስልክ ቁጥርን ማንም እንዳያየው ማድረግ፣ ወደ ግሩፕ መጨመር የሚችሉት የታወቁ ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ፣ ከቁጥር ይልቅ የተጠቃሚ ስም መስጠት ይቻላል። በዋትሳፕ ግሩፕ ቁጥር በአብዛኛው ለአባላቱ ይታያልና በዚህ በኩል ቴሌግራም ይሻላል።

ባሕር ማዶና ምስጢር

ዋትሳፕ በ2009 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በ2014 ፌስቡክ በ19 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ከ2016 ጀምሮ እያንዳንዱ መልእክትና ጥሪ፣ ግሩፑም ጭምር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጠራል፤ ማለትም የሚያነቡት የላኪና የተቀባይ ስልኮች ብቻ ናቸው። የሚከፈት ቅንብር የለም፣ በራሱ ነው። ኩባንያው ግን ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ ያውቃል። ወደ ጎግል ድራይቭ የሚላከው መጠባበቂያ ቅጂም ምስጠራው ለብቻው ካልተከፈተለት ያለዚህ ጥበቃ ይቀመጣል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶች፣ እንዲሁም ከውጭ ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች በብዛት የሚገኙት እዚህ ነው።

ኢሞ በደካማ ኔትወርክና በአሮጌ ስልክ ላይ ስለሚሠራ በዓረብ አገራት ባሉ ሠራተኞች ዘንድ ተወደደ። ምርጫቸውን የወሰነው ግን ቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትሳፕ ጽሑፍ ያልፋል፣ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ግን ለዓመታት ታግዶ ቆይቷል፤ ፈቃድ ያላቸው እንደ ቦቲም ያሉ መተግበሪያዎች ግን ይሠራሉ። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሳይሳፈር በፊት የሚሄድበት አገር የቱን እንደሚፈቅድ ጠይቆ፣ በቤተሰቡም ስልክ ላይ ጭኖ መሄድ አለበት። ከተሳፈረ በኋላ ለእናት በስልክ «እዚህ ጋ ንኪ» እያሉ ማስጫን ከባድ ሥራ ነው።

ሲግናል በምስጢር በኩል ከሁሉም የበለጠ ነው። የሚመራው ትርፍ በማይሠራ ድርጅት ነው፤ ስለ ተጠቃሚው የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ ዋትሳፕ የሚጠቀምበትም የምስጠራ ዘዴ ከሲግናል የመጣ ነው። ችግሩ አንድ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ቁጥር ሰጥተው ቢፈልጉ የሚያገኙት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሲግናል ለአገር ሁሉ ሳይሆን ለተወሰኑ ሰዎች ይመረጣል። የሕክምና ውጤት የሚነጋገሩ ባልና ሚስት፣ ጠበቃና ደንበኛ፣ ጋዜጠኛና ምንጭ ሁለቱም ተስማምተው ቢጭኑት በቂ ነው።

ጥቅሉን የሚበላው ማነው?

«ቴሌግራም ዳታ ይጨርሳል» ሲባል ይሰማል። የሚጨርሰው ጽሑፉ አይደለም። በእነዚህ መተግበሪያዎች አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አቀማመጥ 3 ባይት ነው፤ ፊደሉ ብቻ ቢቆጠር በ1 ሜጋባይት ወደ 350,000 ፊደል ይሄዳል፣ ይህም አንድ ወፍራም ልቦለድ ማለት ነው። ጥቅሉን የሚበላው ሳይጠየቅ የሚወርደው ፎቶና ቪዲዮ ነው። «በሞባይል ዳታ በራሱ አውርድ» የሚለውን ማጥፋት መተግበሪያ ከመቀየር የበለጠ ይቆጥባል። ፎቶ ሲላክም «እንደ ፋይል» ከመላክ «እንደ ፎቶ» መላክ መጠኑን ይቀንሳል፤ የሰነድ ጽሑፍ በግልጽ እንዲነበብ ከተፈለገ ግን እንደ ፋይል ይሻላል።

ከመስከረም 2015 ጀምሮ ሳፋሪኮም በይፋ አገልግሎት ስለጀመረ ዛሬ በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ቁጥሮች የያዘ ሰው ብዙ ነው። ጥቅል የሚገዛበት ሲም ሌላ፣ መተግበሪያው የተመዘገበበት ሲም ሌላ መሆን ይችላል። ችግር የለውም፤ መተግበሪያው የሚፈልገው ቁጥር መጀመሪያ ኮድ የተቀበለውን ነው፣ ዳታው ከየትም ይምጣ።

መስመሩ ሲቋረጥ

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቋረጥ ቴሌግራምም ዋትሳፕም ሲግናልም እኩል ሞቱ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀውስ ጋር በተያያዘ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ ገደቡ የተነሳው ከአምስት ወር በኋላ በሐምሌ ነው።

ሁለቱ መዘጋቶች ይለያያሉ። የተወሰነ መተግበሪያ ሲገደብ፣ ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚያሳልፈው ቪፒኤን ይሠራል፤ ያኔም ብዙ ሰው የተጠቀመው ይህን ነው። ነገር ግን ነጻ ቪፒኤን የሚያቀርበው የማይታወቅ ኩባንያ የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ በእጁ ያደርጋል፤ የትኛውን ማመን እንዳለበት ሰው በጭንቀት ሰዓት አይመርጥም። ኢንተርኔቱ ከነአካቴው ሲቋረጥ ደግሞ ቪፒኤንም አያድንም፤ የሚቀረው ጥሪና ኤስኤምኤስ ነው።

ስለዚህ ሊዘገይ የማይገባው ነገር በአንድ መተግበሪያ ላይ አይንጠለጠል። የዕድር አባል ሲሞት በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ ፈጣን ነው፤ ከአባላቱ ግማሹ ሽማግሌ ከሆነ ግን ለቀብር የሚደርሰው ያነበበው ብቻ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ የሁሉም ቁጥር በወረቀት ላይ ሊኖረው ይገባል።

በር መዝጋት

የትኛውም መተግበሪያ ቢመረጥ መለያው በሲሙ ቁጥር ላይ ይቆማል። ያ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት ከቆየ ኦፕሬተሩ ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል፤ አዲሱ ባለቤት ኮድ ተቀብሎ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ሲም ሲቀየር መተግበሪያው ውስጥም ቁጥሩን መቀየር አይረሳ።

በጣም የተለመደው ሌብነት ግን ቴክኒክ አይፈልግም። ከሚታወቅ ሰው መለያ «ኮድ በስህተት ወደ አንቺ ተልኳል፣ ላኪልኝ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የተላከው ኮድ የተቀባይዋ የራሷ መለያ መክፈቻ ነው። ከላከችው በደቂቃ ውስጥ ሌባው ገብቶ ለጓደኞቿ ሁሉ «ብር አበድሩኝ» ይላል። መከላከያው ሁለት ነው። ኮድ ለማንም፣ ለእህትም ቢሆን፣ አለመላክ፤ ደግሞም በቴሌግራምም በዋትሳፕም ያለውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መክፈት። ይህ ሲከፈት ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ያለ የይለፍ ቃሉ አይገባም። «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን አልፎ አልፎ ማየትም ያስፈልጋል፤ የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ የተረሳ ቴሌግራም ለቀጣዩ ተጠቃሚ ክፍት ነው።

ውሳኔው

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በቅርቡ ከጻፉላቸው ሰዎች አሥሩን በወረቀት ይዘርዝሩ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የት እንደሚገኝ ይጻፉ። አብዛኞቹ ያሉበት መተግበሪያ ዋናው ይሁን፤ ሐዋሳ ውስጥ ለብዙ ሰው ይህ ቴሌግራም ይሆናል። ከዝርዝሩ ውስጥ በየትኛውም መተግበሪያ የሌለውን ሰው ደግሞ ለይተው ያስምሩበት፤ ለእሱ የሚሠራው መንገድ ኤስኤምኤስና ጥሪ ነውና ሁልጊዜ ለዚያ የሚሆን ቀሪ ሂሳብ ይኑር። ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ እሱ ያለበትን ይጫኑ፤ ምርጫው የእሱ አገር ነው። ሌላ ሰው ቢያነበው የሚጎዳ ነገር ካለ በቴሌግራም ተራ ውይይት አይሂድ፤ ዋትሳፕ ወይም ሲግናል ይሁን።

ለፓርኩ ሠራተኛ ልጅ ይህ ሲሰላ ሦስት ብቻ ይወጣል፦ ለእናቷና ለባንኩ ኤስኤምኤስ፣ ለባልደረቦቿና ለወንድሟ ቴሌግራም፣ ለአክስቷ ኢሞ። አራተኛው የሚጫነው በስም የሚታወቅ ሰው «እዚያ ብቻ ነኝ» ሲላት ነው። ከዚያ ውጭ ጓደኛ ሁሉ የሚያወራለት አዲስ መተግበሪያ ቢመጣ፣ ለሞላ ሚሞሪ ሌላ ሸክም ከመሆን አያልፍም።